ካርዳችሁ ላይ የማታውቁት ሂሳብ ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ?

ሰኞ ጠዋት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤቴ። ቡናዬ እስኪፈላ ስልኬን አነሳሁና የባንኩን አፕ ከፈትኩ። ክሬዲት ካርዴ ላይ 1 ዶላር ከ7 ሳንቲም ወጥቷል። የድርጅቱን ስም ሰምቼው አላውቅም። «አንድ ዶላር ደግሞ ምን ታደርጋለች» አልኩና ቡናዬን ቀዳሁ።

ማክሰኞ ማታ 489 ዶላር ወጣ። እግሬ ረግጦት የማያውቅ ከተማ ካለ የኤሌክትሮኒክስ መደብር።

ያቺ አንድ ዶላር ለካ ቅምሻ ነበረች። የካርድ ሌቦች የተሰረቀ ቁጥር እጃቸው ሲገባ መጀመሪያ በትንሽ ገንዘብ ይሞክሩታል። ካለፈ ካርዱ ይሠራል ማለት ነው። ከዚያ ወይ ራሳቸው ትልቅ ዕቃ ይገዙበታል፣ ወይ «የተሞከረ ነው» ብለው ለሌላ ሌባ ይሸጡታል። እኔ ሰኞ ጠዋት ደውዬ ቢሆን ኖሮ የማክሰኞው ባልመጣ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ በሙሉ ሄጄበታለሁ። በራሴ ጉዳይ አንድ ጊዜ፣ በእናቴ ጉዳይ ሁለተኛ፣ ጓደኞቼን ሳግዝ ደግሞ ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩትም። የምጽፈው አሜሪካ ለምትኖሩ ነው። ሕጉም የቀን ቆጠራውም የአሜሪካ ነው፤ አውሮፓ ወይም ዱባይ ላላችሁ ደንቡ ይለያል።

1. መጀመሪያ የትኛው ካርድ እንደሆነ እዩ

እኛ ሁሉንም «ካርድ» ነው የምንለው። ቪዛ ወይም ማስተርካርድ የሚል ምልክት ሁለቱም ላይ ስላለ አንድ ይመስላሉ። አይደሉም። የካርዱን ፊትና ጀርባ እዩት፤ «ዴቢት» የሚል ጽሑፍ ካለበት ከቼኪንግ አካውንታችሁ ጋር የተያያዘ ነው።

ክሬዲት ካርድ ላይ የሚሰረቀው የባንኩ ገንዘብ ነው። እናንተ ገና አልከፈላችሁም። ዴቢት ላይ የሚሰረቀው ግን የራሳችሁ ነው፤ ለቤት ኪራይ ያስቀመጣችሁት፣ ለበዓል ወደ አገር ቤት ልትልኩት ያሰባችሁት። ክሬዲቱ ሲሰረቅ ከባንክ ጋር ትከራከራላችሁ። ዴቢቱ ሲሰረቅ ግን እየተከራከራችሁ የቤት አከራያችሁንም ትለምናላችሁ። የሁለቱ ሕግም የተለያየ ነው፤ የዴቢቱ ሕግ ለሚዘገይ ሰው ምሕረት የለውም። ወደ ታች እመለስበታለሁ።

2. ሌባ መሆኑን አረጋግጡ፤ ግን አምስት ደቂቃ እንዳይበልጥ

አንዳንዴ ሌባው ሌባ አይደለም። ምሳ የበላችሁበት ቤት በስቴትመንቱ (በወርኃዊው የሂሳብ ዝርዝር) ላይ በባለቤቱ ድርጅት ስም ሊመጣ ይችላል። «የመጀመሪያው ወር ነፃ» ተብሎ የተመዘገባችሁበት ነገር ሁለተኛው ወር ላይ ሊቆርጥ ይችላል። ልጃችሁ በጨዋታ አፕ ውስጥ ገዝቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ከምታስቡት በላይ ያጋጥማል።

የነዳጅ ማደያም ብዙ ሰው ያስደነግጣል። የ40 ዶላር ነዳጅ ቀድታችሁ አፑ ላይ 175 ዶላር «ፔንዲንግ» ብሎ ታያላችሁ። ይህ መያዣ ነው። ማደያው ምን ያህል እንደምትቀዱ አስቀድሞ ስለማያውቅ ያን ያህል ይይዛል፤ በኋላ ትክክለኛው 40 ብቻ ይቀራል።

ቤተሰቡን ጠይቁ፣ የድርጅቱን ስም ኢንተርኔት ላይ ፈልጉት። አምስት ደቂቃ ውስጥ ካልታወቀ ወደ ስልኩ እለፉ። በስህተት ብትደውሉ የምታጡት ነገር ቢኖር ካርድ የመቀየር ጣጣ ነው።

3. ቆልፉት፣ ከዚያ ደውሉ

አብዛኛው የባንክ አፕ ካርዱን ለጊዜው «ሎክ» የሚያደርግ ቁልፍ አለው። ተጫኑት። አዲስ ግዢ ይቆማል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ መቆለፍ ማመልከት አይደለም። ባንኩ ካርዱን የቆለፋችሁት ሶፋ ስር ጠፍቶባችሁ ይሁን ተሰርቃችሁ አያውቅም። ቆልፎ የተኛ ሰው ለሕጉ ምንም አላደረገም።

ስለዚህ ደውሉ። የምትደውሉት ካርዱ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ነው። በቴክስት በመጣ ቁጥር አይደለም፤ ኢንተርኔት ላይ ፈልጋችሁ መጀመሪያ በወጣው ቁጥርም አይደለም። ሌቦች የሐሰት የባንክ ስልክ ቁጥር በማስታወቂያ መልክ ያወጣሉ።

እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ አትፈሩ። መስመሩ ላይ ሰው ሲመጣ «አማሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊዝ» በሉ። ብዙ ትልልቅ ባንኮች በስልክ አስተርጓሚ ያገናኛሉ፤ ትንሽ መጠበቅ ሊኖር ይችላል። ካልተገኘ ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር መናገር ይበቃል፦ «አይ ዲድ ኖት ሜክ ዚስ ቻርጅ»። ይህን ሂሳብ እኔ አላወጣሁም ማለት ነው። ከዚያ «ፍሮድ ዲፓርትመንት» በሉ፤ የማጭበርበር ጉዳይ ክፍል ማለት ነው። ልጅ ወይም ጎረቤት እንዲያስተረጉም ማድረግም ይቻላል፤ ባንኩ መጀመሪያ ማንነታችሁን ከራሳችሁ አንደበት ማረጋገጥ ስለሚፈልግ ግን አጠገቡ ሁኑ።

በስልኩ ላይ የማታውቁትን ሂሳብ ሁሉ አንድ በአንድ ጥቀሱ፤ ትንንሾቹንም። ካርዱ ይሰረዝ፣ አዲስ ቁጥር ያለው ይላክ በሉ። የባንኩ አፕ የይለፍ ቃልም ይቀየር። ስትጨርሱ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ያነጋገራችሁ ሰው ስም፣ ቀንና ሰዓቱ፣ የጉዳዩ ቁጥር። ፖስታ ጀርባ ላይም ቢሆን ጻፉት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስትደውሉ ሌላ ሰው ነው የሚያነሳው፤ ያለ ቁጥሩ ታሪኩን ከ«ሰኞ ጠዋት ነው» ጀምራችሁ ትተርካላችሁ።

4. ክሬዲት ካርድ ከሆነ፦ ደብዳቤውን አትናቁ

በፌዴራል ሕግ ያልፈቀዳችሁት የክሬዲት ካርድ ሂሳብ ላይ የእናንተ ኃላፊነት ቢበዛ 50 ዶላር ነው። ካርዱ ኪሳችሁ ሆኖ የተሰረቀው ቁጥሩ ብቻ ከሆነ ደግሞ ዜሮ ነው። ቪዛና ማስተርካርድም በራሳቸው ደንብ ዜሮ ያደርጉታል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ስልኩ ብቻውን ይጨርሰዋል።

ግን ሁልጊዜ አይጨርሰውም። ሕጉ የክርክር መብታችሁን ሙሉ በሙሉ የሚጠብቀው በጽሑፍ ስታመለክቱ ነው። ደብዳቤው ስህተቱ ያለበት የመጀመሪያው ስቴትመንት በተላከ በ60 ቀን ውስጥ ባንኩ እጅ መድረስ አለበት። አድራሻው ክፍያ የምትልኩበት አይደለም፤ ስቴትመንቱ ላይ ለሂሳብ ጥያቄ ተብሎ የተጻፈ ሌላ አድራሻ አለ፤ ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል። እኔ ልክ በዚህ ተሳስቼ አንድ ሳምንት አቃጥያለሁ።

ደብዳቤው ረጅም አይሁን። በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው፤ ይዘቱ ይህ ነው፦ «ስሜና የአካውንት ቁጥሬ ይህ ነው። በዚህ ቀን፣ በዚህ ድርጅት ስም፣ ይህን ያህል ዶላር ተመዝግቧል። ይህን ሂሳብ እኔ አላወጣሁም፤ ለማንም አልፈቀድኩም። እንዲሰረዝልኝ፣ የተያያዘ ወለድና ቅጣት ካለም እንዲነሳልኝ እጠይቃለሁ።» የስቴትመንቱን ቅጂ ከተሰመረበት መስመር ጋር አያይዙ። ዋናውን እናንተው ጋ አስቀሩ። ፖስታ ቤት ሄዳችሁ «ሰርቲፋይድ ሜይል፣ ሪተርን ሪሲት» በሉ፤ ባንኩ እንደተቀበለው ፈርሞ የሚመለስ ማስረጃ ታገኛላችሁ። ጥቂት ዶላር ነው፤ የሚያሳዝን ወጪ አይደለም።

ባንኩ በ30 ቀን ውስጥ ደርሶኛል ማለት አለበት። ውሳኔውን ደግሞ በሁለት የሂሳብ ዙር ውስጥ፣ ቢዘገይ ከ90 ቀን ሳያልፍ መስጠት አለበት። እስከዚያ ድረስ የተከራከራችሁበትን ገንዘብ አለመክፈል ትችላላችሁ። ባንኩም በዚያ ምክንያት «አልከፈለም» ብሎ የክሬዲት ታሪካችሁን ማበላሸት አይችልም። ሌላውን፣ የራሳችሁን ወጪ ግን በቀኑ ክፈሉ። ተናደው ሁሉንም መክፈል ያቆሙ ሰዎች አውቃለሁ፤ ቅጣቱ የመጣው በገዛ ሂሳባቸው ነው።

5. ዴቢት ካርድ ከሆነ፦ ቀን ቁጠሩ

እዚህ ላይ ሰዓት ገንዘብ ነው። ካርዱ ራሱ ከጠፋ ወይም ከተሰረቀ፣ መጥፋቱን ባወቃችሁ በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ካመለከታችሁ ኃላፊነታችሁ ቢበዛ 50 ዶላር ነው። ከ2 ቀን ካለፈ እስከ 500 ይደርሳል። ስቴትመንቱ ከተላከ 60 ቀን ካለፈ ደግሞ፣ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ሁሉ ወሰን የለውም። አካውንቱ ቢራቆት የሚመልስላችሁ ላይኖር ይችላል።

ካርዱ እጃችሁ ላይ ሆኖ ቁጥሩ ብቻ ከተሰረቀ ሕጉ ይሻላል፤ ስቴትመንቱ በተላከ በ60 ቀን ውስጥ ከተናገራችሁ ምንም አትከፍሉም። ግን 60 ቀን የሚቆጠረው እናንተ ካያችሁበት ቀን አይደለም፤ ባንኩ ከላከበት ነው። ስቴትመንት የማይከፍት ሰው ሳያውቀው ቀኑ እያለቀበት ነው።

ስታመለክቱ ባንኩ 10 የሥራ ቀን አለው። በዚያ ውስጥ ካልጨረሰ ምርመራውን ወደ 45 ቀን ሊያራዝም ይችላል፤ ነገር ግን ገንዘቡን በጊዜያዊነት አካውንታችሁ ውስጥ መመለስ አለበት። ለአዲስ አካውንት፣ በዴቢት ካርድ ለተደረገ ግዢና ከአገር ውጭ ለተደረገ ወጪ እስከ 90 ቀን ይሄዳል። በስልክ ከነገራችሁ በኋላ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ አረጋግጡ ሊሏችሁ ይችላሉ። ካሉ የዚያኑ ቀን ላኩ፤ አለበለዚያ ጊዜያዊውን ገንዘብ ላለመስጠት ምክንያት ያገኛሉ። ስልኩ ላይ «ፕሮቪዥናል ክሬዲት መቼ ይገባልኛል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ጊዜያዊው ገንዘብ ማለት ነው። ቃሉን ስታውቁት አነጋገራቸው ይቀየራል።

ጊዜያዊው ገንዘብ ሲገባ ጉዳዩ አለቀ ብላችሁ አትደሰቱ። ምርመራው በእናንተ ላይ ከዞረ መልሰው ይወስዱታል።

6. «ካርድህን አውሰኝ» የሚባል ነገር

ይህን ለብቻው የምጽፈው የእኛ ሰፈር በሽታ ስለሆነ ነው። ካርድ መዋዋስ እኛ ጋ ነውር የለውም። ወንድም ለወንድም ፒን ይነግራል። የቤት ተጋሪን «እግረ መንገድህን መቶ ብር አውጣልኝ» ብሎ መላክ ጨዋነት ነው፤ ዶላሩንም ብር እያልን።

አንድ ጓደኛዬ እንዲህ አድርጎ ላከ። መቶ ዶላር መጣለት። አካውንቱ ግን ስድስት መቶ ጎድሎ ነበር። ባንክ ደወለ፣ እውነቱን ተናገረ፣ ጥያቄው ውድቅ ሆነ። የዴቢት ሕጉ ላይ ካርዱን ከነፒኑ በፈቃዳችሁ የሰጣችሁት ሰው ከተባባላችሁት በላይ ቢያወጣ እንኳ እንደተፈቀደ ይቆጠራል፤ «ይህ ሰው ከዛሬ ጀምሮ አልተፈቀደለትም» ብላችሁ ለባንኩ እስክትናገሩ ድረስ። እና ዘመድ ቢጠይቃችሁ? ገንዘቡን ራሳችሁ አውጥታችሁ ስጡ። ቅር ቢለው ቅር ይበለው።

ሌላው የካርድ ፎቶ ነው። ለአዲስ አበባ ቲኬት ለሚቆርጥልን ሰው የካርዱን ፊትና ጀርባ አንስተን በቫይበር ወይም በቴሌግራም እንልካለን። ቁጥሩ፣ ማብቂያ ቀኑ፣ ከጀርባ ያለችው ሦስት አኃዝ፣ ሁሉም አንድ ላይ። ቲኬት ቆራጩ ታማኝ ሊሆን ይችላል። ፎቶው ግን በእሱ ስልክ፣ ነገ በሚሸጠው አሮጌ ስልክ፣ ምናልባትም በግሩፕ ውስጥ ይኖራል። የመክፈያ ሊንክ ይላክልኝ በሉ፣ ወይም በስልክ እየነገራችሁ ያስገባ።

7. ሁለተኛው ሌባ በስልክ ይመጣል

ካርዳችሁ ከተሰረቀ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ተጠንቀቁ። ስማችሁ፣ ስልካችሁና የካርዱ የመጨረሻ አራት አኃዝ አንድ ላይ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ያን የያዘ ሰው ይደውላል። ስልካችሁ ላይ የሚታየው የባንካችሁ ስም ነው፤ የደዋይን ቁጥር ማስመሰል ቀላል ነው። «ከፍሮድ ክፍል ነው፣ አካውንትዎ ላይ አጠራጣሪ ነገር አይተናል» ይላል። ድምፁ የተረጋጋ ነው። እንዲያውም የመጨረሻ አራት አኃዛችሁን እሱ ራሱ ያነብላችኋል። ያኔ ታምኑታላችሁ።

ከዚያ «አሁን ኮድ ልኬልዎታለሁ፣ ያንብቡልኝ» ይላል። ኮዱ በእርግጥ ከባንካችሁ ነው የመጣው። የመጣው ግን ሌባው በዚያች ሰዓት በእናንተ ስም አፑ ውስጥ ለመግባት እየሞከረ ስለሆነ ነው። አነበባችሁለት ማለት የቤቱን ቁልፍ በመስኮት ወረወራችሁለት ማለት ነው። ደውሎላችሁ ኮድና ፒን የሚጠይቅ ሰው ባንክ አይደለም።

ሌላው ስልታቸው ዜል የሚባለው፣ ከባንክ አፕ ገንዘብ የሚላክበት መንገድ ነው። «ገንዘቡን ለማዳን በዜል ወደ ራስዎ ይላኩት» ይላሉ። የሚሄደው ወደ ራሳችሁ አይደለም። ይህኛው ከካርድ ስርቆት የሚብሰው ላኪው ራሳችሁ ስለሆናችሁ ነው፤ ባንኩ «ፈቅደው ልከዋል» ይላል፣ ማስመለሱም አቀበት ነው።

መፍትሔው አንድ ነው። ዝጉ። ይቅርታ ሳትሉ ዝጉ። እናቴን ይህን ማሳመን ከሁሉ ከበደኝ። «ሰው እያናገረኝ እንዴት ጆሮው ላይ እዘጋለሁ?» አለች። በመጨረሻ የተስማማንበት መልስ «ልጄ ሲመጣ ይደውላል» የሚል ሆነ። ያቺን ብላ ትዘጋለች። ከዚያ እኔ በካርዱ ጀርባ ቁጥር እደውላለሁ። እስካሁን አንዱም እውነተኛ ባንክ ሆኖ አያውቅም።

8. ነገሩ ከካርድ ካለፈ

የተሰረቀው የካርድ ቁጥር ብቻ ከሆነ ካርዱ ሲቀየር ያበቃል። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችሁ ወጥቶ ከሆነ፣ ወይም ያልከፈታችሁት ካርድ በስማችሁ ቤታችሁ ከመጣ ግን ሌላ ሥራ አለ።

ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩንየን የሚባሉ፣ የሰዉን የብድር ታሪክ የሚይዙ ሦስት የክሬዲት ቢሮዎች አሉ። በሦስቱም ፋይላችሁን «ፍሪዝ» አድርጉ። ለየብቻ ነው፤ አንዱ ለሌላው አይናገርም። ከመስከረም 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሁሉም ስቴት ነፃ ነው። በኢንተርኔት ወይም በስልክ ከጠየቃችሁ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ ይዘጋሉ፤ መኪና ወይም ቤት ልትገዙ ስትሉ ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ መክፈት አለባቸው። ፍሪዝ በስማችሁ አዲስ ብድር እንዳይከፈት ያደርጋል። ያላችሁን ካርድ ግን አይጠብቅም፤ ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ሰው ነው።

እውነቱን ለመናገር ምንም ሳይሆን በፊት ፍሪዝ ማድረግ ይሻላል። በ2017 እ.ኤ.አ. ከራሱ ከኢኩዊፋክስ ወደ 147 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው መረጃ ወጥቷል። እናንተም አላችሁበት ብዬ ብገምት አልሳሳትም። የልጆቻችሁንም አስቡ፤ ከ16 ዓመት በታች ላሉ ወላጅ በነፃ ማስዘጋት ይችላል።

ከዚያ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፣ ኤፍቲሲ የሚባለው፣ «አይደንቲቲ ቴፍት ዶት ጎቭ» በሚል ድረ ገጽ ላይ ሪፖርት ትሞላላችሁ። በስልክ ከሆነ 877-438-4338 ነው። የሚሰጣችሁ ወረቀት ለባንክም ለክሬዲት ቢሮም ማስረጃ ይሆናል። አንዳንድ ባንክ የፖሊስ ሪፖርትም ይጠይቃል፤ የብዙ ካውንቲ ፖሊስ በኢንተርኔት ይቀበላል። ፖሊሱ ሌባውን ይይዝልኛል ብላችሁ አትጠብቁ፤ የምትፈልጉት ቁጥሩን ነው።

ባንኩ ቢያንገላታችሁ «ሲኤፍፒቢ» ለሚባለው የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ በኢንተርኔት ቅሬታ ማስገባት ይቻላል። ቅሬታው ለባንኩ ይተላለፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ በ15 ቀን ውስጥ መልስ ይሰጣሉ። ስልክ ላይ ለስድስት ሳምንት «እያየነው ነው» ያሉ ሰዎች በጽሑፍ ሲጠየቁ ይፈጥናሉ።

9. አዲሱ ካርድ ሲመጣ

የቆየውን ካርድ የሚጠብቁ ክፍያዎችን አስታውሱ። የስልክ፣ የመኪና ኢንሹራንስ፣ ኢዚፓስ (የመንገድ ክፍያው)፣ ጂም። የሦስት ወር ስቴትመንት ዘርግታችሁ በየወሩ የሚደጋገመውን ምልክት አድርጉ። እኔ ኢዚፓስን ረስቼ ካሜራው በፖስታ አስታወሰኝ።

ከዚያ ልማድ መቀየር ነው። ብዙ አልዘረዝርም፤ በእርግጥ የሚጠቅሙትን ብቻ።

አንደኛ፣ አፑ ላይ የማሳወቂያ ቴክስት ከ1 ሳንቲም ጀምሮ አብሩ። ባንኩ «ከ100 ዶላር በላይ» ብሎ ሊያስቀምጥላችሁ ይችላል፤ ቅምሻዋ ግን አንድ ዶላር ናት።

ሁለተኛ፣ ካርዱን ማሽኑ ላይ እየሳባችሁ «ስዋይፕ» አታድርጉት፤ አስነኩት። የካርዱ ጀርባ ያለው ጥቁር መስመር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መረጃ ነው የሚሰጠው፤ አንዴ የቀዳው ሰው ደጋግሞ ይጠቀምበታል። ቺፑ ግን በየግዢው አዲስ ኮድ ይፈጥራል፤ በማስነካትም ሆነ በስልክ መክፈል እንዲሁ ነው። ሱቆች ከጥቅምት 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቺፕ ካልተቀበሉ ለሐሰተኛ ካርድ ኪሳራው ወደ እነሱ ስለዞረ ቶሎ ቀየሩ። የነዳጅ ማደያዎች ግን እስከ ሚያዝያ 2021 ጊዜ ተሰጣቸው። ለዚህ ነው ፓምፕ ላይ አሁንም አሮጌ ማሽን የምታዩት። የእኔም ቁጥር የወጣው ከማደያ ይመስለኛል፤ ማረጋገጫ ግን የለኝም።

ፓምፕ ላይ ማስነካት ካልቻላችሁ ገንዘብ ተቀባዩ ጋ ገብታችሁ ክፈሉ። ስንፍና ከያዛችሁ ቢያንስ ለቢሮው ቅርብ ያለውን ፓምፕ ምረጡ። ካርድ ማስገቢያውን ጎተት ጎተት አድርጉት፤ ሌባ ከላይ የለጠፈው የካርድ መቅጃ ካለ ይንቀሳቀሳል። ከጎን ካለው ፓምፕ ጋር አስተያዩት፣ ማሸጊያው ተቀዶ እንደሆነ እዩ። ዴቢት ብቻ ካላችሁ «ክሬዲት» የሚለውን ተጫኑ፤ ፒናችሁን እዚያ አትጻፉት። ኤቲኤም ላይ ደግሞ በሌላኛው እጅ ሸፍኑ። እንደ ሞኝ ትመስላላችሁ። ይሁን።

ኢቢቲ (የመንግሥት የምግብ ድጎማ ካርድ) ያላቸው ወላጆች ላሏችሁ አንድ ቃል። ብዙዎቹ የኢቢቲ ካርዶች ገና ቺፕ የላቸውም፤ ከታኅሣሥ 20 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. በኋላ ለተሰረቀ የምግብ ድጎማ ደግሞ የፌዴራሉ ማካካሻ ቆሟል። ገንዘቡ ከመግባቱ በፊት ፒኑን ቀይሩላቸው። ስቴታችሁ ካርዱን የሚቆልፍ አፕ ካለው ገዝተው ሲመለሱ ይቆለፍ።

10. አዲስ አበባ ስትሄዱ

ከሁለት የተለያየ ባንክ ሁለት ካርድ ያዙ፤ አንዱ ቦርሳ ውስጥ፣ አንዱ ቤት። የአሜሪካ ስልክ ቁጥራችሁ እዚያ ካልሠራ የማረጋገጫ ኮድም አይደርሳችሁም፤ ሮሚንግ ይከፈት፣ ወይም ከመሄዳችሁ በፊት አፑ ራሱ እንዲያረጋግጥ አስተካክሉ። በ800 የሚጀምረው ነፃ ቁጥር ከአገር ውጭ ላይሠራ ይችላል፤ ካርዱ ጀርባ ላይ ከውጭ የሚደወልበት ሌላ ቁጥር አለ። እሱን ወረቀት ላይ ገልብጡት። ካርዱ ከጠፋ ቁጥሩም አብሮ ነው የሚጠፋው።

የእኔ ጉዳይ በአምስተኛው ሳምንት አለቀ። 489 ዶላሩ ተሰረዘ፣ ደብዳቤም መጣ። በማግስቱ ስቴትመንቱን ሳይ 1 ዶላር ከ7 ሳንቲሟ ቁጭ ብላለች። ለካ በስልኩም በደብዳቤውም ሳልጠቅሳት ቀርቻለሁ። እንደገና ደወልኩ፣ አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ሰማሁ፣ አሰረዝኳት።